መሪው አብሮ ይሳፈራል ወይ?



በዚህ ሰሞን በመጠለያችን፣ በውሃ ቦኖው ሰልፍም ሆነ በቡናው ዙሪያ፣ አንድ ቃል በዝቷል፤ ጀልባ። አንዱ ‹‹እገሌ በጀልባ ተሻገረ›› ይላል። ሌላው ‹‹የእነ እገሌ ልጅ ሊቢያ ገብቶ ጀልባ እየጠበቀ ነው›› ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲያው ዛሬ ስለ ጀልባ እንጫወት ብለን ብዕር አነሳን። የምናወራው ግን ስለ አንድ ዓይነት ጀልባ ብቻ አይደለም። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው፣ በመሪ ታጅበው፣ በበረዶ ተራራ ሥር ለመዝናናት ስለሚቀዝፏት ትንሽ ጀልባም እናነሳለን። ‹‹ኧረ ተዉን! እኛ በዚህ ችግር ላይ ሆነን የባለጸጋ ጨዋታ ምን ያደርግልናል?›› የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡን። ከዚያ ጨዋታ ለልጆቻችን ሕይወት የሚጠቅም ነገር አግኝተንበታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ካርቱም ነው። ከ2023 ጦርነት በፊት እኛ መምህራን ጅሬፍ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ፣ ለስደተኛ ልጆችና ወጣቶች የማታ ትምህርት እንሰጥ ነበር። ቀን ቀን ገሚሱ ተማሪ በየሆቴሉ ሳህን ያጥባል፣ ገሚሱ የቀን ሥራ ይሠራል፣ ሴቶቹ በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና ያፈላሉ ወይም በሰው ቤት ይሠራሉ። ማታ ደክሟቸው ይመጣሉ። ወንበር ስላልነበረን ብዙዎቹ ጡብ ደርድረው ይቀመጡ ነበር።

ስለዚያ ጡብ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ጅሬፍ ዓባይ ዳር ነው። የሰፈሩ ጡብ ሠሪዎች ጡባቸውን የሚሠሩት ዓባይ በክረምት እያመጣ ዳርቻው ላይ ከሚጥለው ደለል ነበር። ያ ደለል ከየት መጣ? ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ታጥቦ የወረደ አፈር ነዋ! እንግዲህ የእኛ ተማሪዎች በሰው አገር በገዛ አገራቸው አፈር ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስንናገር መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ። አንዲት ተማሪ ጡቡን በእጇ ዳበስ አደረገችው። አያቶቻችን ‹‹ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል›› ያሉት ለእኛም ጭምር ይመስላል።

አርብ አርብ አንዳንዴ ተማሪዎቹን ይዘን እስከ ሞግረን እንሄድ ነበር። ሞግረን ሱዳኖች ‹‹ባሕር አል አዝረቅ›› የሚሉት የእኛው ዓባይና ከዩጋንዳ በኩል የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በክረምት ብታዩት የእኛው ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ ያኛው ነጣ ያለ ነው። ወዲያው አይቀላቀሉም፤ ሁለት ቀለም ሆነው ጎን ለጎን ጥቂት ይጓዛሉ። ለጂኦግራፊ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ጥቁር ሰሌዳ የለም። አንድ ጊዜ ታዲያ አንድ ተማሪ ‹‹ቲቸር፣ ይሄ ነጩ ውሃ ከበረዶ ነው እንዴ የመጣ?›› ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልሱ በከፊል አዎ ነው። በዩጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ሩዌንዞሪ የሚባሉ ተራሮች አሉ። ጫፋቸው ከ5,100 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ በረዶ አለ፤ ምንም እንኳ በሙቀቱ ምክንያት ከዓመት ዓመት እያነሰ ቢሆንም። ከዚያ የሚቀልጠው ውሃ በሴምሊኪ ወንዝ አድርጎ አልበርት ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ነጭ ዓባይ ሆኖ ካርቱም ይደርሳል። ከብዙ ውሃ መካከል ጥቂት ጠብታ ብትሆንም፣ ካርቱም ላይ በ45 ዲግሪ ሙቀት እግራችንን የምንነክርበት ውሃ ውስጥ የበረዶ ልጅ አለችበት።

በእኛ ቋንቋ በረዶ ሲባል ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው የምናስበው። የበረዶ ግግር ግን ሌላ ነው። በቀዝቃዛ አገር የወረደው በረዶ በበጋም ሳይቀልጥ፣ በላዩ ላይ ሌላ እየወረደበት፣ በመቶና በሺህ ዓመታት ክብደት ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ ሆኖም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እንደ ወፍራም ሊጥ ቀስ እያለ ወደ ቆላ ይንሸራተታል። በጥንት ዘመን በእኛም በሰሜን ተራሮችና በባሌ ተራሮች ላይ ነበር፤ ዛሬ የለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን ከተራራ ወርዶ ባሕር ውስጥ የሚገባ ግግር አለ። ጫፉ ውሃ ላይ ሲደርስ እየተሰነጠቀ ይወድቃል። አንዳንዱ ስባሪ ቤት ያክላል።

ይህን ካስተማርን በኋላ ነው በ2022 ክረምት ከአንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ፎቶግራፍ የደረሰን። ልጅቷ በሠፈራ ፕሮግራም አሜሪካ ገብታ አላስካ የሚባለው ሰሜናዊ ግዛት ደርሳለች፤ አንኮሬጅ ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። በፎቶው ላይ ቀይ ሰደርያ ለብሳ፣ በጠባብ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ የበረዶ ግድግዳ ቆሟል። የሥራ ባልደረቦቿ በዕረፍት ቀን ሱዋርድ ከተባለች የወደብ ከተማ ተነስተው ወደ ኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ ወስደዋት ነው። ስልኩ በተማሪው እጅ ዞረ። መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ምን መሰላችሁ? ‹‹ከፍላ ነው?›› የሚል ነበር። ‹‹ከፍላ!›› ስንል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ‹‹ሰው ከፍሎ በጀልባ በረዶ ሥር ይገባል? ለዚያውም መልሶ ሊወጣ!››

ያቺ ጀልባ ካያክ ትባላለች። ጠባብና ረዥም ናት፤ ከላይ ክድን ሆና ቀዛፊው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ብቻ አላት፤ መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ነው። የፈለሰፏት ሀብታሞች አይደሉም። በዚያ በቀዝቃዛው አገር ጥንት የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ኢኑዊት፣ በአላስካ ባሕር ዳርም ሱግፒያክ የሚባሉት። ባሕር ከሚያመጣው ግንድና ከአጥንት አጥንቷን ሠርተው፣ የባሕር እንስሳ ቆዳ አልብሰው፣ ዓሣና አውሬ ሊያድኑባት ነው የሠሯት። ይህ ከእኛው ከጣና ታንኳ ጋር ዘመድ ያደርጋታል። ነገደ ወይጦዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ። እንጨት የለም ብለው አልተቀመጡም፤ ባገኙት ሠሩ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ባለ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣታል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ የወራት ነው። ስለዚህ ታንኳዋ መቼ እንደምትከብድ፣ መቼ አልሸከምም እንደምትል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚያውቀውም ራሱ ስለሚቀመጥባት ነው።

ተማሪያችን የላከችልን የድምፅ መልእክት ረዥም ነበር። ሳቅና ድንጋጤ የተቀላቀለበት ነው። አስኳሉን እንንገራችሁ።

ውሃ ከመግባታቸው በፊት መሪያቸው፣ አንዲት ወጣት ሴት ናት፣ ባሕር ዳር ላይ አቁማ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አስተማረቻቸው። ሰደርያውን ካለበሰቻቸው በኋላ በትከሻው በኩል ወደ ላይ እየጎተተች ልክ መሆኑን በየተራ አየች። ‹‹ዋና ትችያለሽ? ሕመም አለብሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ?›› ብላ ጠየቀች። ጀልባዋ ብትገለበጥ ከቀዳዳው እንዴት ተላቅቀው እንደሚወጡ አሳየች። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ትንፋሽ እንደሚያጥር፣ ስለዚህ ሳይደነግጡ ትንፋሽን መግዛት እንደሚገባ፣ እጅ የሚታዘዘው ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት እየከዳ በአንድ ሰዓት ገደማ ራስን መሳት እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት እንደሆኑና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ባሕር ዳር ላለ ሰው አስመዘገበች። ሰዓቱ ካለፈ የሚፈልጋቸው አለ ማለት ነው።

‹‹ከዚያ በኋላ ምን አደረገች መሰላችሁ?›› አለች ልጅቷ፤ ‹‹የራሷን ጀልባ ይዛ አብራን ገባች። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ እየሆነች ልክ እንደ ዶሮ ጫጩቶቿን ትቆጥረን ነበር።›› ከግግሩ 800 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ‹‹ከዚህ አናልፍም›› አለች። አንዱ ፎቶ ለማንሳት ትንሽ እንጠጋ ቢላት እሺ አላለችም። ወዲያው ግግሩ እንደ መብረቅ ጮኸ፤ ከግድግዳው አንድ ቁራጭ ወደቀ። ማዕበሉ እነሱ ጋ ሲደርስ ጀልባዎቹን ከፍ ዝቅ አደረጋቸው፤ ሌላ ጉዳት አልነበረም። በማግስቱም ሌላ ቡድን ሊወጣ ተዘጋጅቶ ሳለ መሪዋ ነፋሱን አይታ ‹‹ዛሬ የለም›› ብላ መለሰቻቸው። ሰዎቹ ከፍለዋል፤ ከሩቅ መጥተዋል፤ ግን የለም አለች፤ የለም ሆነ።

ይህ ሲሰማ ክፍሉ ውስጥ ሳቁ ቆመ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ ትጉህ ልጅ ነው፣ በሒሳብ የሚያህለው አልነበረም። ‹‹የከፈሉትን ገንዘብስ መለሰችላቸው?›› ብሎ ጠየቀ። ለምን እንደ ጠየቀ እኛ ገብቶናል። እናቱ ከሦስት ቀን በፊት ቡና ከሚያፈሉበት ቦታ ተነስተው እኛ ጋ መጥተው ነበር። ‹‹አደራችሁን፣ ልጄ ከደላላ ጋር ይነጋገራል። እኔ ብለው አይሰማኝም፤ እናንተ መምህሮቹ ናችሁ፣ ምከሩልኝ›› አሉን። ‹‹እሺ እትዬ፣ እናነጋግረዋለን›› አልናቸው። ግን ምን ብለን? ‹‹አትሂድ›› ማለት ቀላል ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ‹‹ታዲያ እዚህ ምን ልሁን?›› ቢለን መልሳችን ምንድን ነው? በዚያን ጊዜ ያ የአላስካ መልእክት መንገድ ከፈተልን።

በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርታችንን ስለ ዓባይ አደረግን። ዓባይን በጀልባ እንወርዳለን ብለው የመጡ ሰዎች ታሪክ ረዥም ነው። በ1903 ዊልያም ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በብረት ጀልባዎች ሞከረ፤ ጀልባዎቹ ገና ጥቂት እንደ ሄዱ ተሰባበሩ። በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጠያቂነት ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው የእንግሊዝ ጦር መኮንን 60 ያህል የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችንና የሳይንስ ሰዎችን አስከትሎ፣ አየር የሚሞሉ ጀልባዎች ይዞ፣ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር አጠገብ ወረደ። የሬዲዮ መገናኛ ነበራቸው፤ አውሮፕላን ነበራቸው። እንዲያም ሆኖ አንድ የእንግሊዝ ወታደር የዓባይ ገባር የሆነ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞተ። በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮ የተባለ የመሬት ተመራማሪና ጎርደን ብራውን የተባለ የካያክ ቀዛፊ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስተው፣ በካርቱም አልፈው እስክንድርያ ደረሱ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 114 ቀን ፈጀባቸው። ከእነሱ ጋር የተነሱት ሌሎቹ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አልዘለቁም። በ2005 ሌስ ጂክሊንግ የተባለ ካናዳዊና ማርክ ታነር የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ያለ ሞተር፣ በክንዳቸው ብቻ፣ በአምስት ወር ያንኑ መንገድ ጨረሱ።

ተማሪዎቹን ‹‹ከዚህ ምን ተማራችሁ?›› አልናቸው። አንዷ ‹‹ውሃ ፓስፖርት አያይም›› አለች። እውነቷን ነው። ፓስፖርቱም፣ ገንዘቡም፣ አውሮፕላኑም ያላቸው ሰዎች አንድ ሰው አጥተዋል። ሌላው ግን የተሻለ ነገር አየ፤ ‹‹ቲቸር፣ ብላሽፎርድ ስኔል ራሱ ጀልባው ላይ ነበር፤ ስካቱሮም ራሱ ነበር›› አለን። ልክ ነህ አልነው። የሞተው ወታደር ከአለቃው ጋር ነበር፤ የሚያለቅስለት፣ ስሙን የሚጽፍለት፣ ለቤተሰቡ የሚነግርለት ሰው አጠገቡ ነበር።

እኛም ካርቱም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ2020 ክረምት ዓባይ ከልኩ አልፎ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ በወጣ ጊዜ፣ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት ሰዎች ሌሊት በተራ እየወጡ ዳርቻውን ይጠብቁ፣ አሸዋ በጆንያ እየሞሉ ይደረድሩ ነበር። ያ ሰው ውሃውን ያውቀዋል፤ ጎርፉ ቢመጣ እሱንም ስለሚወስደው ይጠነቀቃል። የሰውን አደጋ የሚጠብቅልህ አደጋው እሱንም የሚነካው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጀልባ እንምጣ፤ በመጠለያችን ስሙ ወደሚነሳው። ደላላው፣ በዚህ አገር ሰዎች አነጋገር ሰምሳሩ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የት ነው የሚቀመጠው? ዳር ላይ ነው። ከሊቢያ በሚነሱት ብዙ ጀልባዎች ላይ መሪውን የሚይዘው ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነው። ‹‹አንተ ሳትከፍል ትሄዳለህ፣ ይህን ያዝና በዚህ አቅጣጫ ቀጥል›› ይባላል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ ለመቶ ነፍስ ካፒቴን ይሆናል። ከደረሰም አሻጋሪው አንተ ነህ ተብሎ የሚታሰረው እሱ ነው። ሰደርያውስ? በጥር 2016 የቱርክ ፖሊስ ኢዝሚር ከተማ አንድ የልብስ መስፊያ ፈትሾ ከ1,200 በላይ የሐሰት ተንሳፋፊ ሰደርያ ይዟል። ውስጡ የተሞላው ለዕቃ ማሸጊያ በሚሆን ነገር ነበር፤ ውሃ ላይ ያንሳፍፋል የተባለው ውሃ ይጠጣል። የጣናው ባለ ታንኳ ደንገሉ ውሃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቅ ያደርቀዋል፤ ያ ነጋዴ ግን እያወቀ ይሸጠዋል።

ጥቅምት 3 ቀን 2013 በጣሊያን ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ 500 ያህል ሰው የጫነች ጀልባ ሞተሯ ቆመ። ለእርዳታ ምልክት እንዲሆን ብርድ ልብስ አቃጠሉ፤ እሳቱ ተዛመተ፤ ሰዉ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ጀልባዋ ተገለበጠች። 368 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነበሩ። ከዳርቻው የነበራቸው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰኔ 14 ቀን 2023 ደግሞ በግሪክ ባሕር 750 ያህል ሰው ይዛ የነበረች መርከብ ስትሰምጥ የተረፉት 104 ብቻ ናቸው። ከ2014 ወዲህ በሜዲትራኒያን ባሕር የሞቱትና የጠፉት ከ30,000 በላይ እንደሆኑ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። ይህ የተመዘገበው ነው። ከባሕሩ በፊት ያለው በረሃ ደግሞ አለ፤ ከደላላ ወደ ደላላ መሸጥ፣ በኩፍራና ከዚያም ወዲያ በየመጋዘኑ ታስሮ ቤተሰብን ማስለቀሻ ማስከፈል አለ። ከእናንተ መካከል ይህን ስልክ ያነሳችሁ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ለእናንተ ልንነግር አንደፍርም።

ለዚያ ወጣት ‹‹አትሂድ›› አላልነውም። ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራ ሰጠን። የአላስካዋ መሪ ያደረገችውን ወደ ጥያቄ ለውጣችሁ ጻፉ አልን። እነሱ የጻፉት ይኸውና፤ እኛ ፊደል ከማረም በቀር አልነካነውም። አንደኛ፣ አንተ አብረኸን ትሳፈራለህ ወይ? ሁለተኛ፣ ከመክፈሌ በፊት ጀልባውንና ሰደርያውን ማየት እችላለሁ? ሦስተኛ፣ ስንት ሰው ነው የምትጭነው? አራተኛ፣ መሪውን የሚይዘው ማነው፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተሻግሯል? አምስተኛ፣ ነፋስ ቢነሳ ‹‹ዛሬ የለም›› ትለናለህ ወይስ በዱላ ታስገባናለህ? ስድስተኛ፣ ካልደረስን ማን ይፈልገናል?

ልጁ ጥያቄዎቹን ገልብጦ ኪሱ ከተተ። ከሳምንት በኋላ መጣና ‹‹ጠየቅሁት›› አለን። ‹‹ምን አለህ?›› ስንለው እንዲህ ብሎ መለሰልን፦ ‹‹አንደኛውን ስጠይቀው ሳቀ። ሁለተኛውን ስጠይቀው ተቆጣ። ሦስተኛው ላይ ‘አንተ ልትሄድ ነው ወይስ ልትመረምር?’ ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።›› ከዚያ ቁጭ አለና የዕለቱን ሒሳብ መሥራት ጀመረ። በዚያ ወር አልሄደም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ክፍላችን ተበተነ። ጡቡም፣ ሰሌዳውም፣ የቀለም ሣጥኑም እዚያው ቀረ። ብዙዎቻችን በዓባይ ዳር ወደ ላይ፣ ወደ መዳኒ ሸሸን፤ በታኅሣሥ 2023 መዳኒም ሲያዝ እንደገና ወደ ምሥራቅ ተሰደድን። ያ ወጣት እናቱን ደግፎ፣ ታናናሾቹን በእጁ ይዞ ወጥቷል። ቤተሰቡን ያሻገረው እሱ ነው። በዚያ መንገድ ሁሉ መሪ እሱ ነበር፤ አብሮ የሚሄድ መሪ።

አሁን ታዲያ በዚህ መጠለያ ያው ቃል ተመልሶ መጥቷል። አንዋሻችሁም፤ ሕጋዊው በር ጠባብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በሚያወጣው መረጃ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ በሠፈራ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄደው ስደተኛ ከመቶው አንድ አይሞላም። በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን ካቋረጠች ወዲህ ደግሞ ተማሪያችን የሄደችበት መንገድ ይበልጥ ጠቧል። ስለዚህ ‹‹ታገሡ፣ ቀን ያልፋል›› ብቻ ብሎ መስበክ ተስፋ የቆረጠን ወጣት መናቅ ይመስለናል። መሄድ መፈለግ ነውር አይደለም፤ እኛም የሄድን ሰዎች ነን፤ ስደተኛ የሆንነውም ድንበር ስለ ተሻገርን ነው።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ልጅን ለማያውቁት ሰው ከመስጠት በፊት ጥያቄ መጠየቅ መብት ነው። ያቺ የአላስካ መሪ ለአንድ ቀን መዝናኛ ያን ሁሉ ጥንቃቄ ካደረገች፣ ለልጅ ነፍስ ስድስት ጥያቄ ምን ይበዛዋል? የሚመልስልህ ካለ ስማው። የሚቆጣህ ከሆነ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ደላላም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ‹‹ወንድሜ››፣ ‹‹የአገሬ ልጅ›› ይላል፤ ሒሳቡ የሚመጣው በረሃ ከገቡ በኋላ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ይህን ነገር ሲያነሱ በቁጣ አትዝጉባቸው። ቤት ውስጥ ካልተወራ ጨለማ ውስጥ ይወራል፤ እዚያ የሚያወራቸው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዘመድ ስልክ ቁጥር በቃላቸው እንዲይዙ አድርጉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይቀማል፣ በቃል የተያዘ ግን አይቀማም። ዘመድ የጠፋባችሁም ብትሆኑ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት በነጻ ይሰጣሉና ጠይቁ፤ ስም ማስመዝገብ ‹‹ካልደረስን ማን ይፈልገናል?›› ለሚለው ጥያቄ እጃችን ላይ ያለ አንዱ መልስ ነው።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ መሪ መሆን የባሕር ማዶ ሙያ ብቻ አይደለም። ታናሽህን ፊደል የምታስቆጥር፣ አዲስ የመጣን ቤተሰብ ወደ ምዝገባው ሰልፍ የምትወስጂ፣ አረብኛ ለማያውቅ በሽተኛ በክሊኒኩ የምታስተረጉሙ ሁሉ መንገዱን አስቀድማችሁ አይታችሁ አብራችሁ የምትሄዱ ናችሁ። ይህ ማዕረግ ነው፤ አቅልላችሁ አትዩት።

ስድስቱን ጥያቄዎች በትምህርት ቤታችን ዳስ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈን ለጥፈናል። የአፍሪካን ካርታም በጆንያ ላይ ስለን ሰቅለናል፤ ከሰከላ እስከ ሞግረን፣ ከሞግረን እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው መንገድ በጣት ይታያል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጆችም ወጣቶችም ኑ፤ ሰባተኛ ጥያቄ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ኖራም አስቀምጠንለታል። ቡናውን እናንተ አምጡ፤ ስኳሩን እኛ እንችላለን።

ሰላም ያሰንብተን።